ጥፋቱ የአሰልጣኙ አይደለም

የፈረንሳዩ ክለብ ሌንስ በ2023/24 መንሸራተቱን በያኔው አሰልጣኙ ፍራንክ ኤዝ ላይ ማላከካችሁ አልተዋጠልኝም። ሰውየው በ2022/23 ቡድኑን በፈረንሳይ ሊግ በ84 ነጥብ ሁለተኛ አድርጎታል እኮ! ፒኤስጂ ዋንጫውን የወሰደው በአንዲት ነጥብ በልጦ ነው። ከዚያ የክረምቱ የዝውውር መስኮት ተከፈተ። በሊጉ 21 ጎል ያገባው አጥቂው ኦፔንዳ ወደ ጀርመኑ ላይፕዚግ፣ የመሀል ሜዳው ሞተር ፎፋና ወደ ሳዑዲው አል ናስር ተሸኙ። ሁለት ምሰሶ ነቅሎ ሸጦ፣ ጣሪያው ሲዘም አናጺውን መውቀስ ምን ይሉታል?

አጥቂው ዋሂ ከሌላው የፈረንሳይ ክለብ ከሞንፔሊዬ መጥቷል፣ ልክ ነው። አርሰናልን 2 ለ 1 ሲረቱ የቡድን ጓደኛው ፍራንኮቭስኪ ያሻገረለትን ኳስ በአንድ ንክኪ ከመረብ ሲያሳርፋት አይቻለሁ። (መድፈኛ፣ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፣ ያን ማታ እራት አልበላሁም።) ግን አንድ ልጅ የሁለት ሰው ቦታ አይሸፍንም። 7ኛ ሆነው መጨረሳቸው ራሱ ለእኔ ብዙ ነው።