ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

የአማርኛ ልብ ወለድ ባለታሪኩን በምሽት ከቤት ሲያስወጣ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» ይላል። ሰው መሆኑ ይታያል፣ ማን መሆኑ አይለይም። የምሽት ፎቶ የሚያምረውም ያኔ ነው፤ ሰማዩ ሰማያዊነቱን ሳይለቅ የሰፈሩ መብራት ይበራል። ይህች ሰዓት እዚህ ስቶክሆልም እንደ ልብ ናት፣ ደሴ ላይ ግን እጅግ ስስታም ናት።

ስቶክሆልም በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው (የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ አገር ቀልድ የሚሆነው በዚህ ወቅት ነው)። ድንግዝግዙ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል፣ ድፍን ጨለማ የሚባልም የለም። ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ ያለው 20 ደቂቃ ከምናምን ነው፤ ብርሃኑም በየ3 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከአውሮፓ ቪዲዮ «ተረጋግታችሁ ጠብቁ» የሚለውን የተማረ ልጅ ደሴ ውስጥ ሆጤ ሰፈር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሰማዩ ይጠቁርበታል።

ጦሳም ያሳስታል። ተራራው በምዕራብ ስለቆመ ጥላው ከተማው ላይ ቀድሞ ይወድቃል፤ መሸ ተብሎ የተነሳው ፎቶ የደመናማ ቀን ፎቶ ይመስላል። መታየት ያለበት ሰማዩ ነው። ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያው) ፀሐይ ሳትጠልቅ ይተከል፤ የመሐል ዘንጉ ወደ ላይ አይሳብ፣ የጦሳ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ቦርሳ ቢንጠለጠልበት ጥሩ ነው፣ ግን መሬት ነክቶ ይረፍ፤ አለዚያ ራሱ ቦርሳው ፔንዱለም ይሆናል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8፣ የሌንሱ ማረጋጊያ ጠፍቶ፣ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ። ትኩረቱ በእጅ ይሁን፦ ስክሪኑን አጉልቶ ሩቅ ያለች አንዲት አምፖል ነጥብ እስክትሆን ማዞር ነው። ፀሐይ በጠለቀች በ10ኛው ደቂቃ ሻተሩ (የካሜራው የብርሃን በር) ለ1 ሰከንድ መከፈቱ የበቃው ፎቶ፣ በ20ኛው 10 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ካሜራውን አውቶ ላይ የተወ ሰው ምሽቱን ቀን ያደርገዋል።

የድራማዎቻችን ሌሊት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰማያዊ መብራት ከላይ፣ ነጭ ኤልኢዲ ፊት ለፊት፤ ተዋናዩ ፍሪጅ የከፈተ ይመስላል። የደሴ ምሽት ግን በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ፍም፣ የሱቋ ቢጫ አምፖል፣ የባጃጅ መብራት ነው። ከነዚህ አንዱ ከተዋናዩ በስተጎን ቢቀመጥና ግማሽ ፊቱ ለጨለማ ቢተው ይበቃል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ካሜራ ብዙ ጊዜ ለ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 የኤሌክትሪክ ምልልስ) ተስተካክሎ ይመጣል፣ የአገራችን መብራት ግን 50 ነው። ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር የሚሮጠው ለዚህ ነው። ሜኑው ውስጥ ፓል (ከ50 ኸርዝ ጋር የሚሄደው የቪዲዮ ሥርዓት) ይመረጥ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ሰከንድ።

አገር ቤት የሚበልጠው በኮከብ ነው። የፍኖተ ሐሊብ (የእኛ ጋላክሲ) እምብርት ስቶክሆልም ላይ ከአድማስ 2 ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይወጣም፤ ደሴ ላይ በደቡብ በኩል 50 ዲግሪ ይወጣል፣ የኮምቦልቻ መብራት ነጸብራቅም እዚያ ከፍታ አይደርስበትም። ግንቦት ላይ ጨረቃ በሌለችበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይፈለግ፤ ክረምቱ ከገባ ጉም ይሸፍነዋል። ሻተሩ ስንት ሰከንድ ይከፈት ለሚለው፣ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማካፈል ነው፦ በ20 ሚሊሜትር 25 ሰከንድ። ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ይጎተታል። አነስተኛ ሴንሰር ላይ ርዝመቱ አስቀድሞ በ1.5 ይባዛ። ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200።

በደሴ ብርድ ያደረ ካሜራ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲከፈት ሌንሱ ያልበዋል፤ ስቶክሆልም ላይ በበረዶው ወራት ከደጅ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ የሚሆነው ያው ነው። ገና ደሴ ሳለ በፌስታል ይታሰር፣ ሙቀቱን እስኪለምድም አይፈታ።