ተሸናፊው በማግስቱ የት ይቀመጣል?

እ.ኤ.አ. በ2022 ብሪታንያ በሃምሳ ቀን ገደማ ውስጥ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ስታፈራርቅ፣ አክስቴ ከደሴ ደውላ «ልጄ፣ አገሩ ሰላም ነው? አስቤዛ ገዝተህ አስቀምጠሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። በእሷ ዕድሜ የመንግሥት ለውጥ፣ በመስከረም 1967ም ሆነ በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ የመጣው ከጦር መሣሪያ ጋር ነበርና ስጋቷ አልገረመኝም።

ለንደን ስኖር የተረዳሁት ግን እንግሊዞች ያለ ጦር መሣሪያ ሥልጣን የሚለዋወጡት እርስ በርስ ስለሚዋደዱ እንዳልሆነ ነው። ፓርቲዎቻቸው ውስጥ ያለው ምቀኝነትና ቂም ከእኛ አያንስም። ማርጋሬት ታቸር ሦስት ምርጫ አሸንፈው አሥራ አንድ ዓመት ከገዙ በኋላ የጣሏቸው ተቃዋሚዎች አልነበሩም። ከ1979 ጀምሮ በካቢኔያቸው አብረዋቸው የነበሩት ጄፍሪ ሃው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 ሥልጣናቸውን ለቀው በምክር ቤቱ ፊት ወቀሷቸው፤ ማይክል ሄዘልታይንም ለመሪነት ተወዳደሯቸው። ታቸር ለስብሰባ ፓሪስ ሳሉ በተሰጠው ድምፅ 204 ለ152 መሩ፤ ሆኖም የወግ አጥባቂው ፓርቲ ደንብ መሪው ከተፎካካሪው የሚበልጥበት ድምፅ ድምፅ መስጠት ከሚችሉት የፓርቲው የምክር ቤት አባላት ቢያንስ አሥራ አምስት በመቶ እንዲሆን ይጠይቅ ስለነበር አራት ድምፅ ጎደላቸው። ሚኒስትሮቻቸው አንድ በአንድ እየገቡ እንደማያሸንፉ ነገሯቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥም እንደሚለቁ አስታወቁ። አገር የሚያዝዙ ሰው በአራት ድምፅ ጉድለት ሲወርዱ «ደንቡን እንቀይረው» አለማለታቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከዚያ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ማግስቱ ነው። ሄዘልታይን በጆን ሜጀር ተሸነፉ፤ ሜጀር ግን ካቢኔያቸው ውስጥ አስገቧቸው፣ በ1995ም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጓቸው። ታቸርም እስከ 1992 በምክር ቤቱ ወንበራቸው ላይ ቆዩ። ቂሙ አልጠፋም፤ በአውሮፓ ጉዳይ የተነሣው ጠብ ፓርቲውን ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲያምሰው ኖሯል። ነገር ግን የምክር ቤት ወንበራቸውን የሰጣቸው የመረጣቸው ወረዳ ሕዝብ እንጂ የፓርቲው መሪ ስላልሆነ፣ መሪያቸውን የተቃወሙ ሰዎች እንጀራቸው በዚያው ቀን አልተቋረጠም። በሠራተኛ ፓርቲም እ.ኤ.አ. በ2016 የምክር ቤት አባላቱ 172 ለ40 በመሪያቸው በጄረሚ ኮርቢን ላይ እምነት እንደሌላቸው ሲገልጹ፣ ኮርቢን ወደ ተራ አባላቱ ሄደው መሪነታቸውን አስጠበቁ።

በእኛ ዘንድ ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ የወጡት ኢሕአፓና መኢሶን በ1969 ዓ.ም. ተገዳደሉ። ሕወሓት በ1993 ዓ.ም. ሲሰነጠቅ ተሸናፊዎቹ ተባረሩ፤ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ለስድስት ዓመት ገደማ ታሰሩ። ደንብማ ሁሉም ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ለተሸናፊ የሚሆን ወንበር ነው። ቤቱም መኪናውም ደመወዙም ከድርጅቱ እጅ ለሚመጣ ሹም መሸነፍ ማለት ከነልጆቹ መንገድ ላይ መውደቅ ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው ቢታገል እኔ ልፈርድበት አልችልም።

ይህን ስል የእንግሊዞቹን ሁሉ እየተቀበልኩ አይደለም። በ2022 ሊዝ ትረስን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የመረጧት 81,326 የፓርቲ አባላት ናቸው፤ ከስልሳ ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብ አልተጠየቀም። የትረስ መንግሥት ጉድለቱን የሚሸፍን ገቢ ሳይኖረው ግብር እቀንሳለሁ ባለ ጊዜ የቤት ብድር ወለድ አሻቅቦ፣ ያልመረጡት ጎረቤቶቼ ዕዳውን ከፈሉ። ይህ በደል ነው። ነገር ግን ትረስ ከአርባ ዘጠኝ ቀን በኋላ ሲወርዱ የተተኩት፣ በዚያው ውድድር ተሸንፈው ሹመት የሌላቸው የምክር ቤት አባላት ወደሚቀመጡበት የኋላ ወንበር በተመለሱት በሪሺ ሱናክ ነበር። ሱናክ ከምክር ቤቱ አልተባረሩምና ሲፈለጉ ተገኙ።

ቅንጅት ከምርጫ 97 በኋላ ሲከፋፈል እኛም እዚህ የነበረንን የድጋፍ ኮሚቴ ለሁለት ከፍለን በአንድ ቅዳሜ በሁለት አዳራሽ ስብሰባ ጠራን። በአንድ ድምፅ ልዩነት የተሸነፈው ጸሐፊያችን የአባላቱን መዝገብ ይዞ ወጣ፤ እኛም ስሙን ከኮሚቴው ሰረዝን። ባለፈው ዓመት በአንድ ወዳጃችን ለቅሶ ላይ ተገናኝተን ጨበጥኩት፤ ሻይ ቀርቦ ሳለ ግን እሱ ከበሩ አጠገብ፣ እኔ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥን።