ድር ያደራበት በር

እሑድ ረፋድ ላይ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ አንዲት ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀምጠን ነበር። ጨዋታው ስለ ዓሣ ዋጋ ነበር የጀመረው፤ እንዴት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደዞረ በቅጡ አላስታውስም። ያዞረው ግን ዓሣ ነጋዴው ነው። ልጁ የኅብረተሰብ ጤና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለዕረፍት መጥታ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ትታ ስትወጣ ገለጥ አድርጎ ያየዋል።

«ሐኪም ትሆናለች ብዬ ነበር የላክኋት» አለ። «ደብተሩ ውስጥ ግን ጉበት የለ፣ ኩላሊት የለ። ገጹ ሁሉ አራት ሳጥን ነው። በየሳጥኑ ውስጥ የፈረንጅ ፊደል፣ ከሥሩ ማካፈል። ልብ ብዬ አየሁት፤ ሌላም ገጽ ገለጥኩ፣ አሁንም ሳጥን። ይኼ ለበሽተኛ ምን ያደርግለታል?»

አጠገቡ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ጤና መኮንን ናቸው፤ የልጁን ዓይነት ትምህርት የጨረሰ ሰው የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ጎንደር የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በየወረዳው የጨረሱ ሰው። ስኒያቸውን አስቀመጡና እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ጀመሩ።

«አንተ፣ ያ ትምህርት ቤት ለምን እንደተከፈተ ታውቃለህ? በፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 ከዚሁ ሐይቅ ማዶ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ። በዓመቱ በ1954 ጎንደር ላይ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ፣ የአካባቢ ንጽሕና የሚቆጣጠረው ሳኒታሪያን እዚያ አብረው ሊሠለጥኑ። አንድ በአንድ እያከምን ሰባት ሺህ ሰው አናድንም ነበር። የልጅህ ሳጥን የመጣው ከዚያ ነው።»

«ጋሼ፣ ሳጥን ወባ ይገድላል?»

ሰው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። ጣታቸውን ውሃ ነክረው የፕላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ መስቀለኛ መስመር አሰመሩ፤ አራት ሳጥን ሆነ። «ለምሳሌ ያህል ነው» አሉ። «ሐይቁ ውስጥ የሚዋኙ 40 ልጆች አሉ እንበል፤ ቢልሃርዚያ የተገኘባቸው 20 ናቸው። የማይዋኙ ሌሎች 40 አሉ፤ ከእነሱ ውስጥ 5 ታመዋል። ከዋናተኞቹ ግማሹ፣ ከሌሎቹ ከስምንት አንዱ። ስንት እጥፍ ሆነ?»

«አራት» አለ ዓሣ ነጋዴው። ሒሳብ ላይ ማንም አይቀድመውም። «ግን ይኼን ጣና ዳር የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። እናቴም ውሃው ያሳክካል፣ ሆድም ያማል ትለን ነበር።»

«እናትህ ያማል አለች። ስንት እጥፍ እንደሆነ አላለችም። ወረዳ ገብተህ መድኃኒት ስጡኝ ስትል እናቴ ነግራኛለች ትላለህ?»

ዓሣ ነጋዴው ዝም ብሎ ሳጥኖቹን አየ። ውሃው ከዳር ከዳር መድረቅ ጀምሯል። «እሺ» አለ፣ «ግን እነዚህ የሚዋኙት ልጆች እኮ የድሃ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ቧንቧ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ለመታጠብም ለመቅዳትም ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ታዲያ ያሳመማቸው ዋናው ነው ወይስ ሌላው ኑሯቸው?»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ይኸው! ልጅህ ሦስት ዓመት የለፋችበትን ጥያቄ ቡና እየጠጣህ ጠየቅኸው። እሱን ለመለየት ነው ለድሃው ልጅ ለብቻው፣ ላለው ልጅ ለብቻው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለ አራት ሳጥን የሚሣለው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ሌላ ጎረምሳ አለ፤ ይህንኑ ትምህርት የጨረሰ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ ምደባ ሲጠብቅ ቆይቶ አሁን ባንክ ውስጥ የሰው ገንዘብ የሚቆጥር። ሁለቱንም ተቃወመ። ሥልጠናው ግማሽ ሐኪም፣ ግማሽ ቆጣሪ ያደርጋል አለ። የውስጥ ደዌም፣ የሕፃናት ሕክምናም፣ ማዋለድም፣ የበሽታ ሥርጭት ጥናቱ ኢፒዲሚዮሎጂም፣ የጤና ቁጥር ስሌቱ ባዮስታቲስቲክስም፣ የምግብ ሳይንስም፣ የጤና አስተዳደርም በአንድ ዲግሪ ውስጥ ታጭቆ አንዱም በቅጡ አይያዝም፤ ሕክምናው ለሐኪሞች ይተው፣ የኅብረተሰብ ጤናው ብቻውን ይቁም። በዚህ ላይ ሽማግሌው አጭር መልስ ነው የሰጡት፤ እኔም የማክለው የለኝም። አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የሚሠራ ነው። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ ያለው ጤና መኮንኑ ነው። እኔ ቁጥር ብቻ ነው የተማርኩት ሊላት ነው?

ዓሣ ነጋዴው ግን በአንደኛው ዓመት ላይ አልለቀቀም። ልጁ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አንትሮፖሎጂ ስትማር ማየቱ ከሳጥኑ ይልቅ አናድዶታል። «አንትሮፖሎጂ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት የሰው ልጅ ባህል ጥናት ነው አለችኝ። የሰው ባህል ለማወቅ ከገበያ የበለጠ ምን አለ?»

ይኼኔ ነው ቡና አፍይዋ የገባችበት። ፍሙን በማራገቢያ እያራገበች ቆይታ ነበር። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው።

«እኛ ቤት መጥተው ነበር» አለች። «ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች፣ ወረቀት ይዘው። ሽንት ቤት አላችሁ ወይ አሉኝ። አለን አልኳቸው። ጻፉና ሄዱ።»

«ነበራችሁ?» አላት ባንከኛው።

«ጉድጓዱማ ነበር። አባቴ ቆፍሮታል፣ በሩንም በጭራሮ ሠርቶለታል። ማንም አይገባበትም እንጂ። በሩ ላይ ድር አድርቶበት ነበር።» ሳቀች። «ዞር ብለው ቢያዩት ምን ነበረበት? ሰው የሚመላለስበት ቢሆን እስከ በሩ የተረገጠ መንገድ ይኖረው ነበር። ሣር ነበር ያለው። ግን እንግዳ ሆነው መጥተው የለንም ልበላቸው? ጎረቤቶቼም ሁሉ አለን ነው ያሉት።»

ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ወሬ ይመስለው ይሆናል። የቢልሃርዚያ እንቁላል ግን ወደ ሐይቁ የሚገባው ከሰው ዐይነ ምድር ነው፤ ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ድር ያደራበት በርና የሽማግሌው አራት ሳጥን አንድ ነገር ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ «አለ» ተብሎ የገባው ቁጥር ውሸት ከሆነ የቱንም ያህል ቢካፈል ውሸት ነው የሚወጣው።

ባንከኛው አቀረቀረ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። በመስክ ልምምዳቸው ጊዜ ቀበሌው ሩቅ፣ ዳገቱ ብዙ፣ የተሰጣቸው ቀን ጥቂት ነበር። የመጨረሻዎቹን ቤቶች ቅጽ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ሞሉት። ሪፖርታቸው ጥሩ ውጤት አገኘ። «የተመዘነው ሠንጠረዡ ነው» አለ። «ቀመሩን አሳምሬ አውቀው ነበር። ዛሬም አውቀዋለሁ።»

ሽማግሌው ይቆጡታል ብዬ ጠበቅሁ። «እኛም ዘመን ነበር» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

እኔ ተራ ደረሰኝና የተናገርኩት ይህን ነው፤ ዛሬም አቋሜ እሱ ነው። ከቁጥሩ ትምህርት አንድ ክሬዲት መቀነስ የለበትም፤ ሕክምናውም ባለበት ይቁም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ቀመር፣ ቀጥሎ ቅጽ፣ መጨረሻ ላይ ሰው ያያል። ሰው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቅጹ ላይ ነው። የቢልሃርዚያ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። ሙከራውና ልኬቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ቅጽ ይዘው ወርደው ቢሆን «ልብስ የሚታጠበው በምንድን ነው» የሚል ጥያቄ እዚያ ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ አንትሮፖሎጂውን ዓሣ ነጋዴው እንዳለው አላስወጣውም። ግማሹን ከአዳራሽ አውጥቼ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት አደርገዋለሁ፤ በአንደኛው ዓመት፣ ቅጽ ሳይያዝ፣ ቡና እየተጠጣ። ሽማግሌው በዚህ አልተስማሙም። ቁጥር የማያውቅ ልጅ ገጠር ወርዶ ጉብኝት እንጂ ትምህርት አይሆንለትም ይላሉ። ይሁን፣ አንድ ዓመት ይሞከር። ሁለተኛውን ግን ለድርድር አላቀርበውም፤ በመስክ ልምምዱ መጨረሻ መምህሩ የተማሪውን ቅጽ ይዞ ከተጻፉት ቤቶች አሥሩን ራሱ ይርገጥ። ከየቤቱ ጓሮ ዞር ብሎ በሩን ይይ። ውጤቱን ከዚያ በኋላ ይስጥ።