ዕቃ አፍ የለውም?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «አንድ ሕዝብ የሌላውን ዕቃ ወስዶ ባህሉ ሳይነካ መኖር ይችላል።» ደጋፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ተቃዋሚዋ ወጣት ጸሐፊ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ ይህ ያከራክራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባህል ማለት ቋንቋ ነው፣ እምነት ነው፣ ነውርና ክብር ነው። ዕቃ ሌላ ነገር ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ከህንድ ተነሥተው በዐረቦች በኩል አውሮፓ ገቡ፤ የፒሳው ፊቦናቺ በ1202 መጽሐፍ ጽፎ አስተዋወቃቸው። ታዲያ የጣሊያን ነጋዴ ዜሮ ስለጻፈ ሂንዱ ሆነ? ሂሳቡን ሠራ፣ አለቀ። ጃፓኖችም ከ1868 በኋላ ባቡሩንም መድፉንም ከምዕራብ አመጡ፣ ግን ጃፓን እንደሆኑ ናቸው። ዕቃ አፍ የለውም፤ አይሰብክም።

ተቃዋሚ፦ «ዕቃ አፍ የለውም» አሉ? እሺ ጋሼ፣ አፍ ስለሌለው አንድ ዕቃ ልንገርዎት። በሰሜን አውስትራሊያ፣ ኬፕ ዮርክ ላይ ይር ዮሮንት የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። የድንጋይ መጥረቢያ ነበራቸው፣ የሚሠራውም ባለቤቱም ወንዱ ነው። ድንጋዩ በአካባቢያቸው ስለሌለ ከሩቅ ደቡብ፣ ከወዳጅ ወዳጅ እየተቀባበለ፣ በሚወረወር ጦር እየተለወጠ ይመጣል። እንጨት የምትፈልጠው ግን ሴቷ ናት። ስለዚህ በየጊዜው ባሏን ወይ ዘመዷን «አውሰኝ» ትላለች፣ ሠርታበት ትመልሳለች። ማን የበላይ ማን የበታች እንደሆነ በዚያች «አውሰኝ» ውስጥ በየቀኑ ይታደሳል። ከዚያ ሚሲዮናውያን መጡና የብረት መጥረቢያ ለሴቱም ለወጣቱም ማደል ጀመሩ። የተሻለ መጥረቢያ ማን ይጠላል? ግን ሽማግሌው ከልጅና ከሴት የሚዋስ ሆነ። ከሩቁ ወዳጅ ጋር የነበረውም ዝምድና ላላ። ላውሪስተን ሻርፕ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ይህን በ1952 ጽፎታል። መጥረቢያው እኮ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ደጋፊ፦ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ልጄ፣ ስለ ቁጥሩ ትንፍሽ አላልሽም። ስለ ጃፓንም። ኦግበርን የተባለው የሶሲዮሎጂ ሰው በ1922 ቁሳዊ ባህልንና ቁሳዊ ያልሆነውን ለይቶ አስቀምጧል። እሱም ተሳስቷል?

ተቃዋሚ፦ «ልጄ» የሚለውን ይተዉልኝ፣ ክርክር ላይ ነን። ኦግበርን የለያቸው ቁሱ ቀድሞ ሲለወጥ ደንቡና ልማዱ እያነከሰ ወደኋላ ይቀራል ለማለት ነው። ይቀራል አለ እንጂ አይነካም አላለም። መጽሐፉን በግማሽ አይጥቀሱት። ጃፓን ካሉም፣ በምዕራቡ መሣሪያ የሚዋጋ ጦር ሲቋቋም በ1873 የገበሬውም ልጅ ለውትድርና ተመለመለ፤ በ1876 ደግሞ ሳሙራዩ፣ የጥንቱ የጦረኛ መደብ ሰው፣ ሰይፍ ታጥቆ እንዳይወጣ ታወጀ። ክብሩ በሰይፉ የነበረ ሰው በአንድ ትውልድ ተራ ሰው ሆነ። ይህ «ሳይነካ» ከሆነ የተነካው ምን ሊመስል ነው?

ደጋፊ፦ ያወጀው መንግሥት ነው፣ መድፉ አይደለም። አዋጅ እንግዲህ አፍ አለው። እኔ የምለው ሰው በፈቃዱ መርጦ ከወሰደ ባህሉ አይጠፋም ነው።

ተቃዋሚ፦ ይቺ አዲስ ናት! መጀመሪያ «አይነካም» ነበር፣ አሁን «መርጦ ከወሰደ አይጠፋም» ሆነ። ወደ ላይ ወጥተው የክርክሩን ሐሳብ ያንብቡት። እሺ፣ አዲሱንም ልቀበል። ቱርክ በ1928 የዐረቡን ፊደል ትታ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረች። ማንም ቅኝ ገዥ አላስገደዳትም። ግን በአዲሱ ፊደል የተማረው ልጅ የገዛ አያቱን ደብዳቤ ማንበብ አቃተው። ያው ቋንቋ፣ ያው ቤት፣ ደብዳቤውም እጁ ላይ፣ ግን አይነበብም።

ደጋፊ፦ ፊደል ዕቃ አይደለም። ፊደል ራሱ ባህል ነው።

ተቃዋሚ፦ ቁጥር ዕቃ፣ ፊደል ባህል! ዜሮ የሚያሸንፍልዎት ሲመስልዎት ዕቃ ነው፣ «ሀ» የሚያሸንፍዎት ሲመስልዎት ባህል ነው።

ደጋፊ፦ አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያፌዘብኝ ተማሪ አልገጠመኝም። ይሁን። ሴኮያን ታውቂዋለሽ? ቼሮኪ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ነጮቹ ወረቀት ላይ ሲነጋገሩ አየና ለገዛ ቋንቋው ፊደል ሠራ፤ በ1821 አካባቢ ጨረሰው። አንዳንዱን ቅርጽ ከላቲኑ ነው የወሰደው፤ «ዲ»ን አንሥቶ «አ» ብሎ አነበበው! ድምፁ ምን እንደነበር ጉዳዩም አይደለም። መዋስ ማለት ይህ ነው። የሰው ነገር ወሰደ፣ የራሱን ቋንቋ አቆመበት።

ተቃዋሚ፦ ሴኮያን እወደዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን አሁን ፊደል ዕቃ አይደለም ብለውኛል። ዕቃ ካልሆነ ሴኮያ ዕቃ ስለ መዋስ እንዴት ይመሰክርልዎታል?

ደጋፊ፦ አንቺ ቃል ቁጠሪ። እኔ ሰው እያሳየሁሽ ነው። በዚያ ፊደል በ1828 ጋዜጣ አውጥተዋል። ሂጂና ባህላችሁ ተነክቷል ብለሽ ለእነሱ ንገሪያቸው።

ተቃዋሚ፦ ጋዜጣ ድሮ ነበራቸው እንዴ?