አሳዳጊን የበደለ

ወገኖቼ፣ አንድ ልጅ ባልጎ ስናይ «አሳዳጊ የበደለው» ብለን እንሰድበዋለን። ስድቡ ከልጁ ይልቅ አሳዳጊውን የሚከስ ነው፤ አሳዳጊውን ራሱን ለበደለ ሰው ግን እስከ ዛሬ ስም አላወጣንለትም። ዛሬ ልወቅሳችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ስም ስላጣ በደል ነው። በምሳሌነት የማቀርብላችሁም ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው ጎዳናችን በስሙ የተጠራለትን የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር የዊንስተን ቸርችልን ልጅነት ነው። የእርሱን ዘመን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

የዚህን ሰው ልጅነት አታውቁትም አልልም፤ እንዲያውም ታበዙታላችሁ። ልጃችሁ ፈተና ሲወድቅ «ቸርችልም እኮ ሰነፍ ተማሪ ነበር» እያላችሁ ታጽናኑታላችሁ። በርግጥም ሃሮው ትምህርት ቤት ለመግባት ሲፈተን የላቲን ወረቀቱን ባዶውን እንደ መለሰ፣ ከገባም በኋላ ዝቅተኛው ክፍል እንደ ተመደበ፣ የሳንድኸርስትን የጦር ትምህርት ቤት ፈተና ያለፈው በሦስተኛው ሙከራው እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። እናንተ ግን ውድቀቱንና ታላቅነቱን ብቻ ይዛችሁ መካከሉን ትዘሉታላችሁ። በመካከሉ ያለችው ኤሊዛቤት ኤቨረስት የምትባል ሞግዚት ናት።

ቸርችል በ1874 ብሌንሃይም በሚባለው የመሳፍንት አዳራሽ ሲወለድ አባቱ ሎርድ ራንዶልፍ የምክር ቤት አባል ነበር፤ ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኗል። እናቱ ጄኒ ጀሮም በውበቷ የታወቀች አሜሪካዊት ነበረች። ልጁ ገና የጥቂት ወራት ሕፃን ሳለ ወይዘሮ ኤቨረስት እጅ ገባ። «ወይዘሮ» መባሏ በዘመኑ ለሞግዚቶች የሚሰጥ ማክበሪያ ነው እንጂ ባል አግብታ አታውቅም። ቸርችል ጎልምሶ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ እናቱን በሩቅ እንደምታበራ የምሽት ኮከብ እንደሚያያት፣ እንደሚወዳትም፣ ፍቅሩ ግን የሩቅ እንደ ነበር ገልጿል። ጭንቀቱን ሁሉ የሚያዋየው ለሞግዚቱ ነበር።

በሰባት ዓመቱ አስኮት አጠገብ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ልጆችን በበትር እስኪደሙ የሚገርፍ ሰው ነበር። በገላው ላይ ያለውን ሰንበር አይታ ለእናቱ የተናገረችው ወይዘሮ ኤቨረስት እንደ ሆነች ይነገራል። ከዚያ ወደ ብራይተን ተዛወረ፤ እዚያም ደግነት አገኘ። ሆኖም አባቱ ለፖለቲካ ስብሰባ ብራይተን ድረስ መጥቶ ልጁን ሳያየው ተመልሷል። ልጁም «እዚሁ መጥተህ ሳታየኝ ሄድህ» የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። ልጆቻችሁን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብታችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ በመክፈል ብቻ ወላጅ የሆናችሁ የሚመስላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ደብዳቤ ደጋግማችሁ አስቡት።

ሃሮው ሳለ ወይዘሮ ኤቨረስት ልትጠይቀው ስትመጣ ክንዷን ይዞ በአደባባይ ከእርሷ ጋር እንደ ተራመደና በጓደኞቹ ፊት እንደ ሳማት ይተረካል። በዚያ ትምህርት ቤት ለሚማር የጌታ ልጅ አሮጊት ሞግዚትን መሳም መሣቂያ የሚያደርግ ነገር ነበር። እኔ በሕይወቱ ከፈጸማቸው ነገሮች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ በጦር ሜዳ ካሳየው ድፍረት ጭምር።

በ1893 የሆነውን ግን ልብ በሉ። በዚያ ዓመት ቸርችል ሳንድኸርስት ገባ። ነጥቡ ለፈረሰኛ ጦር እንጂ ለእግረኛ አልበቃም ነበርና አባቱ ፈረሰኛነት በዓመት 200 ፓውንድ ተጨማሪ ወጪ ያስወጣኛል ብሎ ተቆጣ። «ከንቱ ሆነህ ትቀራለህ» የሚል መንፈስ ያለው መራራ ደብዳቤም ጻፈለት። በዚያው ዓመት ቤተሰቡ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ወይዘሮ ኤቨረስትን ከ18 ዓመት አገልግሎት በኋላ አሰናበታት፤ ያውም በደብዳቤ። ቸርችል ይህን ሲሰማ ለእናቱ ጻፈ። ሌላ ማረፊያ ሳታገኝ እንዲህ መባረሯ ጭካኔ እንደ ሆነ፣ ቢያንስ ጊዜ እንዲሰጧት ለመናት። አልሰሙትም። ከዚያ በኋላ ከራሱ ትንሽ ገንዘብ እየቆረጠ ይልክላት ነበር።

በ1895 መጀመሪያ አባቱ በ45 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ወይዘሮ ኤቨረስት በሰሜን ለንደን ታመመች፤ ወጣቱ መኮንንም ከሠፈሩ ከአልደርሾት ገሥግሦ ደረሰ። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ኮቱ ረጥቦ ነበር። በሞት አፋፍ ላይ ያለችው ሴት በእጇ ዳስሳ እርጥበቱን ስታውቅ ብርድ ይመታዋል ብላ ደነገጠች፤ ኮቱ ወልቆ እስኪደርቅ ድረስም ልቧ አላረፈም። ሐኪምና አስታማሚ አመጣላት፤ አልዳነችም። ለወንድሙ ለጃክ መርዶውን ሊነግረው ወደ ሃሮው ሄደ። በመቃብሯ ላይም የሁለቱ ወንድማማቾች ስም ያለበት ድንጋይ አቆመላት።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ በሕንድ ባንጋሎር በጦር ሠፈር ሆኖ እናቱ የምትልክለትን መጻሕፍት በቀን አራትና አምስት ሰዓት ማንበቡን፣ በደቡብ አፍሪካ ተማርኮ ማምለጡን፣ በ1900 በ25 ዓመቱ ለምክር ቤት መመረጡን። በቅኝ ግዛት ላይ የነበረውን አስተሳሰብ የምቀበል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በ1911 ሥራ ያጡ ሠራተኞች መድን እንዲያገኙ የሚያደርገውን ሕግ ካቆሙት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ስለ ወይዘሮ ኤቨረስት አሟሟት በጻፈበት ስፍራም ጧሪ የሌላቸውን ድሃ አሮጊቶች አስቦ፣ በጡረታውና በመድኑ ሥራ እጁ ስላለበት ደስ እንደሚለው ተናግሯል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር ቤሩት ላይ አሠሪዎቻቸው አምጥተው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ የጣሏቸውን እኅቶቻችንን አይተን አልቅሰናል። የሰው ልጅ አሳድገው፣ የሰው ቤት ጠርገው፣ ደመወዛቸውን ተነፍገው አስፋልት ላይ ያደሩ ልጆቻችን ነበሩ። ልቅሷችን እውነተኛ ነበር። ታዲያ ከገጠር በደላላ ያመጣናትን፣ ልጃችንን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችልንን ልጅ፣ በአንድ ብርጭቆ ሰበብ በምሽት ከቤት ስናስወጣ ያ ልቅሶ የት ይሄዳል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ ውጭ ስላደረገው፣ ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ የቤት ሠራተኛ ዕጣ በእኛ ኅሊና ላይ የወደቀ ነው።

በሰፈሬ አንድ የአራት ዓመት ልጅ አውቃለሁ። ሞግዚቱ እርሱ መዋዕለ ሕፃናት በዋለበት ተሰናብታ ስለ ሄደች፣ ለሳምንት ያህል ማታ ማታ ነጠላ ጫማዋን ታቅፎ በር ሥር ይቀመጥ ነበር። ወላጆቹ «ይረሳዋል» አሉ። ቸርችል አልረሳም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልታሰናብቷት ግድ ቢሆንባችሁ እንኳ በቀን አሰናብቷት። ማረፊያ እስክታገኝ ጊዜ ስጧት፤ የቀረ ደመወዟን ሳትቆርጡ በእጇ ቁጠሩላት። ልጁ ቤት ባለበት ሰዓት ይሁን፤ አቅፎ ይሰናበታት፤ ስልክ ቁጥሯንም ጻፉና አስቀምጡለት።