መጨረሻውን ያሳምረው

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ተኙልኝ፣ ውሃ መጣ፣ መብራትም አልሄደም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቀን ሲገጥሙ ስለት እንደ ሰመረ ይቆጠራል። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም። ፈንዲሻ አፈነዳሁ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቀኝ የነበረውን የወንጀል ፊልም ከፈትኩ። የተዋንያኑ ስም ገና እየተጻፈ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያወለቀ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና አለና፣

«ውይ ጋሼ፣ ይሄን ነው እንዴ የምታየው? ገዳዩ እኮ ሐኪሙ ነው» አለኝ።

አንደኛው ጫማ እግሩ ላይ፣ ሌላኛው እጁ ላይ ነበር። ገና ሰላም እንኳን አላለኝም።

ምን ይባላል? እንግዳ ነው፣ ግባ አልኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሐኪሙን ብቻ ሳይ ዋልኩ። ሐኪሙ ሲስቅ «አውቄሃለሁ» እላለሁ። ለታማሚዋ ኪኒን ሲሰጥ «አትዋጪው እናቴ» እላለሁ። መርማሪው አትክልተኛውን ሲጠረጥር፣ ዘበኛውን ሲጠረጥር፣ የሟችን ባል አስሮ ሲያንገላታ፣ እኔ በሰውየው ድንቁርና እየነደድኩ ፈንዲሻ እቆረጥማለሁ። አጠገቤ ተቀምጦ ፈንዲሻውን የሚያጋምሰኝ ጉድ ደግሞ ፊልሙ ሊጋመስ ሲል ክንዴን ነካ አድርጎ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ሐኪሙን ትጠረጥረው ነበር?» አይለኝም!

አማቼ ክፉ ልጅ አይደለም። ፊልም ግን አይተርፈውም። ፍላሽ ላይ የሚጭኑት ልጆች ሁሉ ጓደኞቹ ናቸው፣ ቴሌግራሙ መጋዘን ነው። አስተያየቱ ሦስት ቃል ነው፦ «አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል»፣ «ያው ነው»። ከዚህ አያልፍም። ተዋናዩ እንዴት ሠራ፣ ታሪኩ የት ላይ ላላ፣ ሙዚቃው ምን አመጣ ብትለው ያፈጥብሃል። መጨረሻውን ግን እንደ ፖሊስ ቃል በዝርዝር ያውቀዋል። የዚያን ቀን ፊልሙ ሲያልቅ (አዎ፣ ሐኪሙ ነው) በጣም ተቆጣሁ። እሱ እቴ! «ጋሼ ደግሞ፣ የነገር ፍጻሜ ከመጀመሪያው ይሻላል ይላል እኮ መጽሐፉ» ብሎ መጽሐፈ መክብብን ጠቀሰልኝ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ጆሮው ላይ የሰካውን እንኳን የማያወርድ ልጅ።

እኔ የምወደው ተረት ሌላ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።» አባቴ ነፍሱን ይማረውና በዚህ ተረት የኖረ ሰው ነው። የጎረቤት አጥር ስለ መፍረሱ ጠብ ሲያወራ ከአጥሩ አይጀምርም። መጀመሪያ ባሕር ዛፉን ማን እንደ ተከለው ይነግረናል። ቀጥሎ የተከለው ሰውዬ ሚስቱን ከየት አገር እንዳመጣ፣ በሠርጋቸው ስንት በሬ እንደ ታረደ፣ ከሚዜዎቹ አንዱ ሰክሮ የት እንደ ወደቀ። አጥሩ ጋ ሲደርስ እኛ እንቅልፍ ወስዶናል። የዚያ አጥር ነገር በምን እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን አንድም ሰው «ባጭሩ ተካሰሱና ተረቱ» ብሎ አላቋረጠውም።

ደግሞ እኮ እኛ መጨረሻን በቀላሉ የምንናገር ሕዝብ አልነበርንም። ሥራ ጀመርኩ ስትል «መጨረሻውን ያሳምርልህ»፣ ቤት ጀመርኩ ስትል «መጨረሻውን ያሳምርልህ»። ሰው ሲሞትማ ተዉት። ሟች ከተቀበረ ሰነባብቷል፣ ልጅየዋ ዓረብ አገር ናት፣ ስትደውል «ደህና ናቸው፣ ተኝተው ነው» እንላታለን። በማግስቱ «ጠበል ሄደዋል» እንላታለን። ከዚያ እዚያ ያለ ዘመድ ይፈለጋል፣ ጓደኞቿ ይጠራሉ፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ገና ሳይነጋ በሯ ይንኳኳል፣ ስትወድቅ የሚይዛትና ውሃ የሚያቀርብላት ሁሉ ይመደባል። ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ አንዲት ቃል ለመናገር ነው። ለኔ ሐኪም ግን ሁለተኛው ጫማ እስኪወልቅ እንኳን የሚታገሥ መርዶ ነጋሪ ጠፋ።

እርግጥ መርዶውም ቢሆን አንዳንዴ ቅጥ ያጣል። አባቴ ያረፈ ዕለት ሥራ ቦታ ነበርኩ። «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል» ብቻ ነው የተባልኩት። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ድንኳኑን ያየሁት ከታክሲው መስኮት ነው። ብርቱካኑን በፌስታል እንደ ያዝኩ ነበር፣ የት እንዳደረስኩት አላስታውስም። ያን ቀን ጫማውን በእጁ ይዞ ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ።

ተዉት። ወደ ፊልሙ እንመለስ።

የኔ ቂም ከአማቼ አይጀምርም፣ ቆየት ያለ ነው። ልጅ ሆነን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ የተሸፈነ፣ መቀመጫው ድንጋይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። እዚያ ቤት ውስጥ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው፣ አክተርና ሌባ። አክተር አይሞትም፣ ይሄ ሕገ መንግሥት ነው። አንድ ቅዳሜ የካራቴ ፊልም ገባን። ሌቦቹ የአክተሩን አስተማሪ ገደሉበት። አክተሩ ተራራ ላይ ወጥቶ ስንት ዓመት ውሃ ተሸከመ፣ እንጨት በእጁ ሰበረ፣ በረዶ ላይ ተኛ። እኛም አብረነው ተሰቃየን። በስተመጨረሻ ከሌቦቹ አለቃ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። አክተሩ ቀበቶውን ጠበቅ አደረገ። ልክ ያኔ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ብድግ ብሎ አጠፋውና «አልቋል፣ ውጡ!» አለ። ውጭ የሚቀጥለው ወረፋ ተንጋግቷላ።

«አላለቀም!» ብዬ ጮህኩ።

«አክተሩ ያሸንፋል። ውጣ!» አለኝ፣ ጆሮዬን ይዞ።

ሃያ አምስት ዓመት አለፈው። ያሸንፋል ያለውን አምኜው አላውቅም። ሰውየው ራሱ መቼ አይቶት? ሁሌ እዚያችው ላይ ነበር የሚያጠፋው። ሃምሳ ሳንቲሜን ዛሬም እፈልጋለሁ፣ ከነወለዱ።

እስካሁን አማቼን ያሸነፈው ፊልም አንድ ብቻ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት የወሰደው፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ሄዶ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ያመጣው። እዚህም ሐኪም አለ፣ ግን ገዳይ አይደለም። ጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ይጀምርና ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጀርመን ይገባል፣ የደርግ ዘመን አዲስ አበባ ይመጣል፣ እንደገና መንደር። አማቼ እንደ ልማዱ «መጨረሻ ላይ እኮ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። አሰበ። «ቆይ፣ መጨረሻው የቱ ነው?» አለ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጸጥ ብሎ አየልኝ። እኔ ፊልሙ ከብዶኛል፣ አንድ ሁለት ቦታም ረዝሞብኛል፣ እናትየው ብቅ ባሉ ቁጥር ግን ቀጥ ብዬ እቀመጥ ነበር። የእግሩን ነገር አልነግራችሁም። እዩት።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ያየነው ደግሞ ባለፈው ፋሲካ፣ ቅዳሜ ሹር ከሰዓት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው ሲባል ሰምቼ፣ ልጆቹ ይዩ ብዬ ከፈትኩት። ታሪኩ የአንድ ልጅና የሚወዳት በጉ የቹኒ ነው። አጎትየው በጓን ለበዓል እንረዳት ይላል። በዚያ ሰዓት የኛ በግ ብሎካችን ሥር ታስሮ ይጮሃል። አንዱ «ባ» ሲል ቴሌቪዥኑ ይሁን ግቢው አይለይም። ትልቋ ልጄ ትራሷን አቅፋ፣

«አባዬ፣ ይታረዳል?» አለችኝ።

«የቱ?» አልኩ።

አማቼ አፉን ሲከፍት አየሁት። በዓይኔ ለመንኩት። ምን ዋጋ አለው፣ የፊልሙን ነገራት። የኛን በግ መጨረሻ ግን የነገራት ሰው የለም፣ እሱን ጠዋት በረንዳ ላይ የተሰቀለ ቆዳ አይታ ደረሰችበት። ጥብሱ ሲቀርብ ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ «ቹኒ ነው?» አለች። ታናሽየው እሷን አይቶ ማልቀስ ጀመረ። ሽሮ ሠራንላቸው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ በፋሲካ ቀን፣ ሽሮ!

ታች ቤት ያሉት እትዬ በዚህ በኩል ይሻላሉ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ከመጣና ቱርኮቹ አማርኛ ከለመዱ ወዲህ እሳቸው አንድም ክፍል አያመልጣቸውም። የኛ ብሎክ መብራት ሲሄድ ቡና አፍልተው ያመለጠንን ይተርኩልናል፣ ከነለቅሶው። መጨረሻ አይናገሩም። የቱርክ ድራማ መጨረሻ የለውማ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ነው እንግዲህ ዓርብ ዕለት ሲኒማ ቤት ልሂድ ያልኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ አዲስ ነገር በነበረ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ዛሬ ሰይጣኑ ሶፋዬ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል፣ ሲኒማ ቤት ቢያንስ አማች የለም ብዬ ነው። የ«ዱን» ክፍል ሁለት ገብቷል። ሁለት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ነው። 12 ሰዓት ከሩብ ጀመረ። በረሃ፣ አሸዋ፣ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ ወገቤ ድረስ ተሰማኝ። ሰዎቹ አሸዋ ውስጥ የሚሄድ ባቡር የሚያክል ትል ላይ ወጥተው ይጋልባሉ። ስሄድ መገናኛ አንድ ሰዓት ስለ ተሰለፍኩ መሰለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወረፋ የለው፣ ተራ አስከባሪ የለው፣ ታሪፍ የለው። አንድ እንደሱ ያለ ትል መገናኛ፣ ኮተቤ፣ ካራ፣ አባዶ ቢመላለስ ብዬ ተመኘሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ አባዶ ታክሲ ማግኘት ዕድል ነው፣ ኮንትራቱ ደግሞ የወር አስቤዛ ነው። በግራዬ ያለው ሰውዬም ስልኩን ያያል። ከኋላ ሁለት ሴቶች ቦርሳቸውን ይዘጋሉ። የከተማ ዳር ነዋሪ በጨለማ ይታወቃል፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ጎንበስ ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። አሁን ይሄ ያናድዳል። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለበግ ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ ቤት ታስቦልናል፣ እግዜር ይስጣቸው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከከተማ ወጥቶ ዳር ሲሰፍር ግን ምሽት ላይ ምን ያያል፣ የት ይቀመጣል፣ በምን ይመለሳል ብሎ የጠየቀ የለም። ቤት ዳር፣ ፊልም መሃል፣ ታክሲ የለም። ከዚያ እኛው ራሳችን «ሰው ፊልም አያይም» እንላለን።

የመጨረሻው ፍልሚያ ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች ስለት ይዘው ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ ብድግ አልኩ። ጆሮዬን የያዘኝ ሰው አልነበረም፣ በራሴ እግር ነው የወጣሁት።

ታክሲ ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ ደወልኩለት። ምን ላድርግ።

«ዱንን አይተኸዋል?»

«የቱን? ሁለተኛውን? አይቼዋለሁ ጋሼ፣ አሪፍ ነው።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

ዝም አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ላበላሽብህ አልፈልግም። እሑድ ከተቆጣኸኝ በኋላ እህቴ እኮ ሁለተኛ አልናገርም ብላ አስምላኛለች።»

«ንገረኝ ስልህ!»

«ራስህ ብታየው...»

«አንተ ልጅ!»

«እሺ በቃ፣ በቃ። ውሻው ይተርፋል።»

«የምን ውሻ?»

ካራ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ አንድም ውሻ አልነበረም። ግን የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት ስላላየሁ አልከራከርም።