አይቶ እንዳላየ ስለማለፍ
አንድ ጸሐፊ «ዕውር ዓይንን ማዞር» (turn a blind eye) የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ «ሳያስተውሉ መቅረት» ብለው መፍታታቸው ትክክል አይመስለኝም፤ ፈሊጡ የሚነገረው እያወቀ አይቶ እንዳላየ ለሚያልፍ ሰው ነው። ከፈሊጡ ጋር ተያይዞ የሚተረከው የኔልሰን ታሪክም ይህንኑ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ1794 ኮርሲካ ላይ የቀኝ ዓይኑ ብርሃን የጠፋው ይህ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ፣ በ1801 በኮፐንሃገን ውጊያ የበላዩ ሃይድ ፓርከር በሰንደቅ ምልክት ውጊያውን እንዲያቆም ሲያዙት፣ የርቀት መነጽሩን በማያየው ዓይኑ ላይ ደቅኖ «ምልክቱ አልታየኝም» በማለት መዋጋቱን ቀጠለ ይባላል። እዚህ ጎንደር እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ተማሪ ከጎረቤቱ ሲቀዳ እያየ ጣሪያ ጣሪያውን የሚመለከት ፈታኝን በምሳሌነት እጠቅሳለሁ፤ ክፍሉ በሳቅ ስለሚሞላ (ምክንያቱን መጠየቅ አልፈልግም) ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ጋዜጣ እያነበበ ኩረጃው ያመለጠው ፈታኝ ግን ተዘናግቷል እንጂ ፈሊጡ አይመለከተውም።